ለጽጌረዳዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

የግቢያችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዳትፈርዱባቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋይል በፊደል ተራ ሲደረድር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይደርድር? እኛን ደረደሩን።

ግቢያችን አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሀ እስከ በ አሥር ብሎክ አለው፤ የእኛ መ ነው። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ፊደል በፀሐይና በዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞች ግቢውን ሦስቴ ይዞሩና በመጨረሻ ደውለው የሚቆጡት እኛን ነው። ጤነኛ ሰው ቢሆን አንድ ጣሳ ቀለምና አንድ ብሩሽ ይገዛል። ሰብሳቢያችን ግን ስብሰባ ጠሩ። እያንዳንዱ ብሎክ በራሱ ፊደል የሚጀምር አበባ ብቻ ይትከል፤ እንግዳ አበባውን አይቶ ብሎኩን ያውቃል፤ ግቢውም ያምራል አሉ። ኧረ በስማም! የትኛው ሞተረኛ ነው አበባ በስሙ የሚያውቀው? እኔ ራሴ ከጽጌረዳና ከአደይ ሌላ የማውቀው የለኝም።

ልንስቅ አፋችንን ስንከፍት ሽልማቱን ተናገሩ። ሰፈራችን ውስጥ ብሎኬት የሚያመርት አንድ ደግ ሰው፣ አንደኛ ለሚወጣው ብሎክ ትልቅ የውሃ ታንከር ከነፓምፑ ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ሳቃችን ቀጥ አለ።

ውሃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሲመጣም ምድር ቤት ካለው ቧንቧ አልፎ ደረጃ የሚወጣበት ጉልበት የለውም። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ስቆም ውዬ፣ በሰርቪስ ተንገላትቼ ስመጣ፣ ጀሪካን ተሸክሜ ሰባ ሁለት ደረጃ እወጣለሁ። ያንን ታንከር እንዴት እንደተመኘሁት አልነግራችሁም። ለባል እንኳ እንዲህ ተመኝቼ አላውቅም።

ብሎክ መ አበደ። መንገድ ዳር ያለው ችግኝ ሻጭ ጋ በቡድን ሄድን። "በመ የሚጀምር አበባ አለህ?" አልነው። "ሁሉም በመ ነው የሚጀምረው" አለን፤ ነጋዴ ነው። ማሪጎልድ የሚባል ብርቱካንማ ነገርና ማርጋሪታ የሚባል ነጭ ነገር ገዝተን ተመለስን። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሚጥሚጣ ተከለች፤ "ሚጥሚጣም እኮ ያብባል" አለችን። አንዱ ማሽላ ዘርቶ ተገኘ። መኮሮኒ የሚያብብ ነገር ቢሆን እሱንም ከመትከል አንመለስም ነበር።

ችግሩ ጽጌረዳዋ ነበረች።

ጽጌረዳዋ የአባቴ ናት። በእርግጥ የተከለቻት እናቴ ነች፤ አቃቂ በሰቃ የነበረው ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ በበሩ በስተግራ። እናቴ ሞተች፣ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ይህ ቤት ደረሰን። ዕቃችን በጭነት መኪና ሲሄድ አባቴ ጽጌረዳዋን ከነአፈሯ ነቅሎ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ በባጃጅ መጣ። እሾኋ እጁን ቧጭሮታል፤ ባለባጃጁን ደግሞ "ቀስ በል፣ ሴት ይዣለሁ" እያለ አንጀቱን አቁስሎታል። መጥቶም በብሎኩ መግቢያ በስተግራ ተከላት።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ የሚባል ብረት መቅረጫ ላይ የሠራ ሰው ነው። እዚህ እንደገባን ሁለት ሳምንት ከወንበር አልተነሣም። መስኮት ሥር ተቀምጦ ሰማይ ያያል። "ምን አለ ብዬ ልውረድ?" ይለኛል። እግሩ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ካልተራመደ ጨርሶ ይተኛል ብሎ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። አንድ ጠዋት ግን ጽጌረዳዋ ቅጠል ማውጣቷን ከታች ሰምቶ፣ በዘይት ጀሪካን ሁለት ሊትር ውሃ ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይወርዳል። ውሃው እኔ በጀርባዬ ያወጣሁት ነው። እኔ አወጣለሁ፣ እሱ ያወርዳል። ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! ግን የእግሩ እብጠት ጎደለለት፤ ጽጌረዳዋ የአባቴ እግር ነበረች ማለት ትችላላችሁ።

ሰብሳቢው ለቅድመ ቁጥጥር መጥተው ከፊቷ ቆሙ። ዝርዝራቸውን ገለበጡ። ጽጌረዳ በብሎክ መ አይፈቀድም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ለዋናው ቁጥጥር ሲመጡ ካገኟት ነጥብ ይቀነሳል አሉ። የት ትሂድ ታዲያ? የራሷ ፊደል ዘንድ እንድትደርስ ሌላ ሃያ ብሎክ መሠራት አለበት። ይህንን ነገርኳቸው። "ሕግ ነው" አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጎረቤቱ ማጉረምረም ጀመረ። "አንድ እንጨት ናት እኮ።" "ሌላ ቦታ ብትተከል ምናለ?" አባቴ ግን አንዴ ከተነቀለች ወዲህ ሁለተኛ ንቅለት አትችልም ይላል። ስለ ጽጌረዳዋ ይሁን ስለ ራሱ እንጃ። እኔስ? እውነቱን ልናገር። እኔም እንድትነቀል ፈልጌ ነበር። ወገቤ ተቆርጧላ! ሽማግሌ እንላክበት ሲባል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ይገኛል ብዬ ሹክ ያልኩት እኔው ነኝ።

ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ በድሮው ባቡር ቲኬት ቆራጭ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከአቃቂ ባልና ሚስት ግማሹ በእሳቸው ሽምግልና ነው የተጋባው። ሁለተኛው ምድር ቤት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ ቀልደኛ። ሦስተኛው ቁጥር ለመሙላት የመጡ ሰው ናቸው፤ ከመጡ እስኪሄዱ ቃል አልተነፈሱም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ አባቴ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ቲኬት ቆራጩ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በየሽምግልናው ሲሉት የኖሩትን አሉ። "በእግዚአብሔር ፈቃድ ልጅዎን ለልጃችን ብለን፣ ዝምድና ፈልገን መጥተናል።"

የአርባ ሦስት ዓመት ፈት ነኝ። ማን ይሆን ብዬ የብሎኩን ወንደላጤ ሁሉ በሐሳቤ ቆጠርኩ፤ ደግ ሰው አልነበረበትም። ከዚያ የቲኬት ቆራጩን ፊት አየሁ። ምን እንዳሉ እሳቸውም የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። ምላሳቸው የለመደውን መንገድ ይዞ ሄዶባቸዋል። ባለሱቁ ኮፍያውን አውልቆ አፉን ሸፈነ።

አባቴ ከወንበሩ ቀና አለ። ከበሰቃ ከወጣን ወዲህ ያን ዓይን አይቼበት አላውቅም።

"የትኛዋን?" አለ።

"ያችን... ታች ያለችውን" አሉ።

"እሷን። መልካም። ለማን ነው የምትጠይቋት?"

ቲኬት ቆራጩ ዞር ብለው ባለሱቁን አዩ። ባለሱቁ ጣሪያ አየ። "ለብሎኩ" አሉ በመጨረሻ። ሌላ ምን ይበሉ?

"ልጁ ብሎክ መ ነው ማለት ነው። ሥራው ምንድን ነው? ጠባዩስ?"

"ባለ አራት ፎቅ ነው" አለ ባለሱቁ፣ ሳቁ አፍኖት። "ከቆመበት የማይንቀሳቀስ፣ አመል የሌለው።"

"እሺ። ልጅ እንደ ዕቃ ባንድ ቀን አይሰጥም። ዘመድ ላማክር። ለሳምንት ተመለሱ።"

ወግ ነው፤ መጀመሪያ በተጠየቀበት ቀን ልጁን እሺ ብሎ የሚሰጥ አባት የለም። ሽማግሌዎቹም ወጉን ያውቃሉና "እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ባለሱቁ ሲንከተከት አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። እኔ ግን አልሳቅኩም። "አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?" አልኩት። "ልጄን እየዳርኩ" አለኝና ጢሙን ሊላጭ ገባ። ጢሙን ከተላጨ ወር አልፎት ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ሲመጡ ሰባት ቤት ሳልቆጥር ልጄን አልድርም አላቸው። ዘመድ ለዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ይህም ወግ ነው። "የልጁ ብረቱ ከየት ፋብሪካ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አያውቅም። "ከእኔ ፋብሪካ ከሆነ የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው ይፈርሳል!" አለ። ባለሱቁ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ መተንፈስ አቅቶት ነው። ዝምተኛው ሽማግሌ እንኳ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ቲኬት ቆራጩ ግን አይስቁም። በሽምግልናቸው ቀልድ አያውቁም፤ ሳምንቱን ሙሉ የብሎኩን ብረት ምንጭ ሲያጣሩ ከረሙ። ከሩቅ እንደመጣ ማስረጃ አገኘሁ ብለው ነገሩን።

ሦስተኛው እሑድ ከቁጥጥሩ በፊት የመጨረሻው ነበር። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ በእናቴ ቀብር ቀን የለበሰውን። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ደረጃው ላይ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፤ አንዱ አካፋ ይዟል። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ በአንድ ልቤ ታንከሩን፣ በአንድ ልቤ የአባቴን እግር አስባለሁ። ሁለቱ ልቤ አልስማማ ብሎኝ እጄን እያሻሸሁ ነበር።

"ሰጥቻለሁ" አለ አባቴ።

ቲኬት ቆራጩ በደስታ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ አንዷ ጎረቤት ሳታስበው እልል አለች። ባለአካፋው ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

"ወዴት ነህ አንተ?" አለ አባቴ።

"ልነቅላት..."

"የማንን ሚስት ነው የምትነቅለው?"

ባለአካፋው ከነአካፋው ደረጃው ላይ ቆመ።

"ልጄን ለብሎክ መ ጠየቃችሁኝ፤ ሰጠኋችሁ። አሁን ባሏ ደጅ ቆማለች። ከእንግዲህ የእኔ አይደለችም፣ ምራታችሁ ናት። አባቷ ነኝ፤ እኔ እንኳ ከባሏ ቤት ላወጣት አልችልም። ምራቱን ከቤት የሚያባርር ሰው ካለ ይውጣና ልየው።" ትንፋሽ ወሰደ። "ደግሞ ልጄን ድሬ ውሃዋን ከቤቴ አልልክም። ውሃዋ በእናንተ ነው።"

ሁሉም ሰው ቲኬት ቆራጩን አየ። የሰውዬው ፊት ደም መሰለ። ጠይቀው፣ ተሰጥተው፣ ጉልበት ስመው ቃላቸውን ቢያጥፉ ከእንግዲህ አቃቂ ውስጥ ማን ሽማግሌ ይልካቸዋል? በመጨረሻ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ባለአካፋው ዞሩና "አካፋህን ወደ ቤትህ ይዘህ ግባ! ምን ዓይነት ባለጌ ነህ፣ በሰርግ ቀን!" አሉት።

ቅዳሜ ሰብሳቢው መጡ። ማሪጎልዱን አዩ፣ ማርጋሪታውን አዩ፣ ለሚጥሚጣዋም ብዙ ካሰቡ በኋላ ነጥብ ሰጡ። ጽጌረዳዋ ጋ ሲደርሱ "ይህቺ አልተነሣችም?" አሉ። "ምራታችን ናት" አሉ ቲኬት ቆራጩ፣ ፈርጠም ብለው። ሰብሳቢው ዝርዝራቸውን ገለበጡ፤ ምራት የሚል የለም። ነጥብ ቀነሱ። ታንከሩን የቀ ብሎክ ወሰደው። ምን ተክለው መሰላችሁ? ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ሰብስበው ስሙ "ቀይ አበባ" ነው አሉ፤ ሰብሳቢውም ጽፈው አለፉ።

አበድኩ። አባቴን ሁለት ቀን አላናገርኩትም። ጀሪካን ይዤ በወጣሁ ቁጥር የቀ ብሎክ ፓምፕ ሲያጓራ እሰማለሁ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ አንድ እርግማን አስቀምጬ ነው የምወጣው። "ተዳረች አይደል? ሰርጉ አማረ?" ብዬ ላሽሟጥጥ ስገባ ግን መስኮት ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጀሪካኑ ደረቅ ነው። አልወረደም።

በማግስቱም አልወረደም። በሦስተኛው ቀን እግሩ እንደገና ማበጡን አየሁ።

"አባዬ፣ ለምን አትወርድም?"

"እንዴት ልውረድ? ልጁ ቤት ያልተጠራ አባት አይሄድም።"

እኔ ከባሌ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሳሪስ ኖሬያለሁ። ከበሰቃ ሳሪስ አንድ ታክሲ ነው። እናቴ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ቤቴ አስጠልቶት ነው፣ ባሌን ስለማይወደው ነው፣ እኔንም ስለተወኝ ነው እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ቂም ቋጥሬያለሁ። ስፈታ ዕቃዬን ሊጭን መጥቶ ራሱ ከውጭ በር አልፎ አልገባም፤ ዕቃውን እያቀበልኩት እሱ ደጅ ላይ ይቀበለኛል። እና አሁን ይህን ሲለኝ ወደ ኋላ አስታወስኩ፤ አንድም ቀን "አባዬ፣ እኔ ቤት ና" ብዬው አላውቅም። አባት ይጠራል እንዴ? ዝም ብሎ ይመጣል ብዬ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ እንዳላለቅስ ቧንቧው ውሃ የለውም፤ በደረቁ አለቀስኩ።

ወርጄ ለቲኬት ቆራጩ ነገርኳቸው። ግንባራቸውን መቱ። "ኧረ ወይኔ! እውነቱን ነው፤ ምራት ወስደን አባቷን ሳንጠራ!" በማግስቱ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስለብስ ከታች ድምፃቸው መጣ። "አባባ! ልጅዎ ቤት ተጠርተዋል፣ ይውረዱ!" አባቴ ኮቱን ደረበ፣ ጀሪካኑን ሞላ። "ውሃዋ በእነሱ አይደለም እንዴ?" አልኩት። "አባት ልጁ ቤት ባዶ እጁን አይሄድም" አለኝ። ያው የእኔኑ ውሃ ይዞ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ተራ ያዙ። አንድ ቀን ቲኬት ቆራጩ ይጠሩታል፣ አንድ ቀን ባለሱቁ፣ አንድ ቀን ባለሚጥሚጣዋ። ዝምተኛው ሽማግሌ አይጮኹም፤ አራት ፎቅ ወጥተው በር ያንኳኳሉ። ወርዶ እስከ ምሳ ድረስ አይመለስም፤ የእግሩም እብጠት ጎደለ።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ለቅሶ ነበር። የእድሩ ሰው ሁሉ በሌሊት ወጥቶ ሄዷል፤ ባለሱቁም ሱቁን ዘግቶ ተከትሏል። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መስኮት ሥር ይጠብቃል። ሁሉም ቀብር ሄደዋል ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሰርቪሱ ከግቢው በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ ነው። የብሎኩ መግቢያ ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። ጽጌረዳዋ ሁለት አበባ አውጥታለች። ከጎኗ ቆምኩና ወደ ላይ ቀና ብዬ፣ እንደነሱ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጮህኩ።

"አባባ! ልጅዎ ቤት ተጠርተዋል፣ ይውረዱ!"

መስኮቱ ተከፈተ። አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

"ማን ልበል?"

"ልጅህ ነኝ፣ አባዬ። ና።"

ሰርቪሱ ጥሎኝ ሄደ። ሰባ ሁለቱን ደረጃ በከዘራው እየቆጠረ ሲወርድ ቆሜ ጠበቅሁት። መጣ፣ ጀሪካኑን አቀበለኝ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ትከሻዬን ያዘ።

"ድሮም ብትጠሪኝ እመጣ ነበር" አለኝ።